ወጥ የማይሠራ ዳኛ

ስለ ምግብ አሠራር ከእኔ የሚሰወር ነገር ጥቂት ነው። ሥጋ ከእሳት ወጥቶ ከመቆረጡ በፊት ለምን ማረፍ እንዳለበት፣ ለፓይ ሊጥ የሚገባው ቅቤ ለምን ቀዝቃዛ እንደሚሆን፣ ፓስታ የተቀቀለበት ውሃ ለምን ሁሉም እንደማይደፋ ጠይቁኝ፤ እጄን ኪሴ ከትቼ አንድ በአንድ አስረዳችኋለሁ። እጅህን ከኪስህ አውጣና ሠርተህ አሳየን ያላችሁኝ ዕለት ግን ጉዴ ይፈላል። የእኔ ሽሮ ይጓጉላል፣ ሩዜ ያራል፣ ሻዬ እንኳ ገንፍሎ ምድጃውን ያጠፋል። እውቀቴ በሙሉ ከቴሌቪዥን የተገኘ ነው። በዓይኔ ይገባል፣ በአፌ ይወጣል፤ በእጄ በኩል አልፎ አያውቅም።

ኑዛዜ ነውና ሳልደብቅ ልናገር። ማታ ቤት ስገባ ልጄ ካርቱን፣ ባለቤቴ ድራማ ይፈልጋሉ፤ እኔ ሪሞቱን ቀምቼ ሰው የሚያበስልበትን ጣቢያ አስሳለሁ። የአረብኛው የምግብ ቻናል ላይ ሼፉ የሚለው አንድም ባይገባኝ ራሴን እየነቀነቅኩ እስማማለሁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እኔ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ይሻሻላል፤ ጣራዬ ላይ ያለው ዲሽ ላሚቱን ከሰማይ ስቦ ያመጣልኛል፤ ወተቷንም፣ ክሬሟንም፣ አይቧንም ቁልጭ አድርጌ አያለሁ። የቀረኝ መቅመስ ብቻ ነው። ራቴ ያው ከምሳ የተረፈው ሽሮ ነው።

አንዳንዴ ሶሱ ሊደርስ ሲል መብራት ይሄዳል። በዚህ የተነሳ የብዙ ምግብ አጀማመሩን እንጂ አጨራረሱን አላውቅም እያልኩ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አማርሬአለሁ። ሐሰት ነው። መብራት ሳይጠፋ እስከ መጨረሻው ያየሁትንም ሠርቼ አላውቅም።

ከአቅራቢዎቹ ሁሉ አንደኛዬ አሜሪካዊቷ ጁሊያ ቻይልድ ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ88፣ ድምጿ ቀጭንና የሚርገበገብ። እ.ኤ.አ. በ1963 በቦስተን የሕዝብ ቴሌቪዥን «ዘ ፍሬንች ሼፍ» የተባለውን ፕሮግራም ስትጀምር 50 ዓመቷ ነበር። ቀረጻው ብዙም ሳይቋረጥ በአንድ ትንፋሽ ስለሚሄድ የወደቀው እንደወደቀ፣ የፈሰሰው እንደፈሰሰ ይታያል። አንድ ቀን በመጥበሻ ያለውን የድንች ቂጣ ወደ ላይ አጉና ልትገለብጥ ስትል ግማሹ ምድጃው ላይ ተበተነ። እሷ ግን ምንም ሳይመስላት ለቃቅማ ወደ መጥበሻው መለሰችውና ማድ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ማን ያያችኋል የሚል ምክር ጣል አደረገች።

እኔ ይህን ታሪክ ሳወራው የወደቀው ድንች አይደለም፤ ዶሮ ነው። የወደቀውም ምድጃ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ ነው። እንደዚህ አድርጎ የሚያወራው ብዙ ሰው ስላለ ብቻዬን አልኮነንም፤ ነገር ግን ሰው በደንብ የሳቀልኝ ቀን ዶሮው ወደ ተርኪ ያድጋል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በግ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ስለ ሴትዮዋ ሌላውን ታሪክ ግን አላነሳም። ፓሪስ የሚገኘው የለ ኮርዶን ብሉ የምግብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 ስትገባ 37 ዓመቷ እንደነበረ፣ ከዚያ በፊት እዚህ ግባ የሚባል ሙያ እንዳልነበራት፣ ከሁለት ፈረንሳውያን ሴቶች ጋር ያዘጋጀችው ትልቅ የምግብ መጽሐፍ እስኪታተም እስከ 1961 ስንት ዓመት እንደደከመች አውቃለሁ። ይህን ባወራ ባለቤቴ «ታዲያ አንተን ምን ያዘህ?» ትለኛለች። ስለዚህ ድካሟን ለራሴ ይዤ የወደቀባትን ብቻ አወራለሁ።

ሁለተኛው ወዳጄ ጎርደን ራምሴ ነው። እዚህ ላይ ኑዛዜው ከበድ ይላል። መሥሪያ ቤት አለቃዬ የጻፍኩትን ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ አዥጎርጉሮ ሲመልስልኝ «እሺ ጌታዬ፣ አስተካክላለሁ» ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ እወጣለሁ። ማታ ራምሴ ጥሬ ዶሮ ያቀረበ ምስኪን አብሳይ ላይ ሲወርድበት ግን ሶፋዬ ላይ እግሬን አጥፌ አብሬው እጮሃለሁ። ቀን የዋጥኩትን ሁሉ ማታ እሱ ይተፋልኛል። የማልናገረው ነገር ቢኖር ሰውየው ይህን አፍ ያገኘው በብላሽ አለመሆኑን ነው። ኳስ ተጫዋች ለመሆን ሲጥር ጉልበቱ ተጎድቶበት ማድ ቤት የገባ፣ በጌቶቹ ሲጮህበት ያደገ፣ ለንደን የሚገኘው ምግብ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ሦስት የሚሽላን ኮከብ ያገኘ ሰው ነው። እኔ ከእሱ የወረስኩት ጩኸቱን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ወኔ መጣብኝና የእሱን እንቁላል ፍርፍር እሠራለሁ አልኩ። እንቁላሉ ሳይመታ ከቅቤ ጋር ድስት ውስጥ ይገባል፣ እሳት ላይ ሆኖ ይማሰላል፣ ከእሳት ይነሳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል፤ ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ቤተሰቡን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቤ እያንዳንዱን ነገር እያብራራሁ ሠራሁ። ማብራሪያው ጣመኝ መሰለኝ ከእሳት ማንሳቱን አስታውሼ መመለሱን ረሳሁት። ሳህኑን ሳስቀምጥ ልጄ በሹካዋ ጫፍ ነካ አደረገችና ጠረጴዛውን በጥፊ መትታ «ጥሬ ነው!» ብላ ጮኸች። ድምፁም፣ የቅንድቧ አነሳስም የራምሴ ነበር። አብራኝ እያየች እንዳደገች ያን ቀን ገባኝ። ባለቤቴ ዝም ብላ ተነሥታ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚበላ ነገር አደረገችው።

«ዘ ግሬት ብሪቲሽ ቤክ ኦፍ» የሚባለው የእንግሊዞቹ የኬክ ውድድር ሌላው ሱሴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሣር ሜዳ ላይ በተተከለ ነጭ ድንኳን ውስጥ ተራ ሰዎች ይጋግራሉ፤ አሸናፊው የሚወስደው ገንዘብ ሳይሆን የኬክ ማስቀመጫና እቅፍ አበባ ነው። ቤታችን ኦቨን የለም፤ ያለን የእንጀራ ምጣድ ነው። ይህ ግን የዳቦው ሊጥ በደንብ አለመነሳቱን በስክሪን አይቼ ከመፍረድ አላገደኝም። በዚህ ውድድር ዳኛው ፖል ሆሊውድ እጅግ ያስደነቀውን ሰው እጁን ዘርግቶ ይጨብጠዋል፤ የተጨበጠው ሰው እንባ ይቀድመዋል። አንድ ማታ የባለቤቴ ምስር ወጥ አስደንቆኝ እኔም ከወንበሬ ብድግ ብዬ በክብር እጄን ዘረጋሁላት። አየችኝ፣ እጄን አየችው፣ የበላሁበትን ሳህን አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ወደ አገር ልጅ ስመጣ ደግሞ ጉራዬ ወሰን የለውም። ካሳሁን ጽጌ ተብሎ ኢትዮጵያ የተወለደው፣ በሕፃንነቱ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ ከእህቱ ጋር በጉዲፈቻ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2010 «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ»ን ሲያሸንፍ፣ በ2015 ደግሞ አንቶኒ ቦርዴን ለሲኤንኤን ፕሮግራሙ ኢትዮጵያ ሲመጣ አብሮት ሲታይ፣ «የእኛ ልጅ!» እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ሰው ቢሰማኝ ቢላ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ የሚል ይመስለዋል። ልጁ አማርኛ ሳይዝ ወጥቶ፣ አድጎ፣ ተመልሶ የበርበሬውን ነገር ከሀ ብሎ የተማረ ነው። እኔ በርበሬ ሲደለዝ እያስነጠስኩ ያደግሁ ሰው፣ ማሰሮው ከወንበሬ አምስት እርምጃ የማይርቅ ሰው፣ ክዳኑን የምከፍተው ለጥሬ ሥጋ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ኃጢአቴ ላይ ደረስን። ኢቢኤስ ላይ የጆርዳና ኩሽና አለ። ሊዮን በፖል ቦኩዝ ትምህርት ቤት ተምሮ የተመለሰው፣ የምግብ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ2020 የጄምስ ቤርድ ሽልማት ያገኘው ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም በቴሌቪዥን ሲያበስል አይተናል። እነሱን ሳገኝ ጣቢያ እቀይራለሁ። ስለማልወዳቸው አይደለም፤ የሚሠሩበት ዕቃ ሁሉ ሰፈራችን ጉሊት ስላለ ነው። ድንች አለ፣ ጎመን አለ፣ ኮረሪማ አለ፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ምን ብዬ ልቀመጥ? የፈረንሳይ ዳክዬ ግን ከዕዳ ነጻ ነው። ጉሊት ዳክዬ ስለሌለ ማንም ሥራልን አይለኝም። እነሆ ለስንት ዘመን የባህር ማዶ ምግብ አፍቃሪ ነኝ ስል የኖርኩት እንዳልታዘዝ ነበር። የዳኝነቱ ነገርም ያው ነው፤ ከምግብ ፕሮግራም ውስጥ ዕቃ የማያጥብ ሰው ዳኛው ብቻ መሆኑን አስተውዬ ነው ሥራውን የወደድኩት።

የተያዝኩት በፋሲካ ነው። አማቴ ቤታችን መጥተው ዶሮውን ራሳቸው ሠሩ። ዶሮው 12 ብልት ሆኖ ወጣ፣ በሎሚና በጨው ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጠበ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ በአጠገባቸው ሁለቴ አልፌ ሁለቴም ያው ድስት ላይ ያው ማማሰያ ይዘው አገኘኋቸው። ቴሌቪዥን ላይ ቢሆን ይህ ሁሉ ተቆርጦ ይጣላል፤ የበሰለው ድስት ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ይላል። ራምሴ አብሳዮቹን ቅመሱ፣ ቅመሱ እያለ ይወተውታል፤ አማቴ ግን ጾሙ ስላልተፈታ በምላሳቸው ጫፍ እንኳ አልነኩትም። በመዓዛውና በቁሌቱ ቀለም ብቻ ጨውን ለኩ፣ ቅቤውን ለኩ፣ መከለሻውን በተኑ።

ከቅዳሴ መልስ ገበታው ቀረበ። ሌላው ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ይጎርሳል። እኔ ማንኪያ አስመጣሁ። ከመረቁ ጨለፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አጣጣምኩና ቤቱ ጸጥ ባለበት «ጥልቀት አለው» አልኩ። «ግን ትንሽ አሲድ ይጎድለዋል።»

ወጥ ረገጥክ የሚባለው እንዲህ ነው። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሲሉኝ የኖሩት አማቴ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡና «አሲድ?» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ወጡን ነው ወይስ የመኪናህን ባትሪ ነው የምትለው?» «እርስዎ»ም የዚያን ቀን ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የእንቁላሉን ጉድ የምታውቀው ልጄ ገበታው ሥር ገብታ ስትስቅ ይሰማኛል፤ ባለቤቴ የሰማች አልመሰለችም፤ እሱ ነው የከፋው።

ብይኑ ቡና ሲፈላ ተሰጠ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ወጥ ላይ አስተያየት ያለው ሰው ለሚቀጥለው ወጥ የሚሆነውን ሽንኩርት ብቻውን ልጦ፣ ብቻውን ይከትፋል ተባለ። የመጀመሪያው ባለዕዳ እኔ ስለሆንኩ በማግስቱ አንድ ሙሉ ሳፋ ሽንኩርት ፊቴ ተደቀነ። እንዴት እንደሚከተፍ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የቢላው ጫፍ ከመክተፊያው አይነሳም። ሦስተኛው ሽንኩርት ላይ ዓይኔ ጠፋ፣ አምስተኛው ላይ የታጠፈው ጣቴ ተዘረጋ፣ ቢላውም አገኘው። ተከትፎ የተዘጋጀ በሳህን ይዞ ብቅ የሚል ሰው ካለ ብዬ ወደ በሩ ደጋግሜ አየሁ። የመጣው ፕላስተር ብቻ ነው።

ፕሮግራሞቼን አላቆምኩም፤ ማታ ማታ እንግሊዞቹ ድንኳን ላይ እንደ ልቤ እፈርዳለሁ። ወደ ገበታችን ስንመለስ ግን ሕጉ እንደጸና ነው። እናም ሐቁን ለመናገር፣ ሕጉ ከወጣ ወዲህ በቤታችን እንከን ያለበት ወጥ ቀርቦ አያውቅም።