መልሱ ኔጌቲቭ ሲወጣብን

ደክሞናል። የታህቶቹን ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልገን፣ ግራ ቀኙን አባዝተን፣ ግማሽ ገጽ ሞልተን፣ መጨረሻው ኤክስ = −12 ሲሆን ላጲስ ማንሣት ደክሞናል። እናጠፋለን፤ እንደገና እንሠራለን፤ እንደገና −12። ላጲሱ ወረቀቱን ይበሳዋል። ጥያቄው ኤክስ/3 + 5 = ኤክስ/4 + 4 ነበር። በኤክስ ቦታ −12 ሲገባ ግራውም 1፣ ቀኙም 1 ይሆናል። ልክ የሆነውን መልስ ነው ስናጠፋ ያመሸነው!

ኔጌቲቭ መልስ ስህተት ነው ብሎ በግልጽ የነገረን የለም። ግን «ከ3 ላይ 5 አይቀነስም» እየተባልን አደግን። ሰሌዳ ላይ የተፈታልን ምሳሌ ሁሉ 2 ወይም 6 ይወጣው ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ዲዮፋንተስም 4ኤክስ + 20 = 4 የሚሆነውን ዓይነት ጥያቄ ትርጉም የለሽ ብሎታል። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ግን በ628 እ.ኤ.አ. ሀብትና ዕዳ እያለ የእነዚህን ቁጥሮች ሕግ ጻፈ። ዕዳማ እኛ በራቤል የምንማር ተማሪዎች መች ጠፋን? የማዳበሪያ ብድር ያለበት ገበሬ ልጅ ከባዶ ኪስ በታች ሌላ ደረጃ እንዳለ ያውቃል። ውርጭም እናውቃለን፤ ደጋ ላይ ገብሳችንን አድርቆት የሚያድረው ከዜሮ በታች የወረደ ብርድ ነው። ይህን የምናውቀውን ነገር ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኝልን ሰው ነው ያጣነው።

ከሁሉ የምታበግነን ደግሞ ከክፍልፋይ ፊት የቆመችው የመቀነስ ምልክት ናት። (ኤክስ − 2)/3 − (ኤክስ − 4)/2 = 3። በ6 እናባዛለን፦ 2ኤክስ − 4 − 3ኤክስ፣ ከዚያ +12 ማለት ሲገባን −12። ምልክቷ ላዕሉን በሙሉ እንደምትገለብጥ እንረሳለን፤ −34 ይወጣል። ትክክለኛው −10 ነው። ሁለቱም ኔጌቲቭ! ምልክቱን አይቶ ልክና ስህተት መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ተክቶ ማየት ነው፤ ለመተካት ደግሞ ጊዜ አይተርፈንም። በደህና የሠራነውም −ኤክስ = 10 ላይ ስንደርስ ጨረስን ብለን 10 እንጽፋለን።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የእኛ መልስ 12/−5፣ የመጽሐፉ −12/5፣ የጓደኛችን ምልክቷን ከመስመሩ አጠገብ ያቆመ። ሦስቱም አንድ ቁጥር ናቸው፤ ይህን ሳናውቅ ስንት ጊዜ ተከራከርን! 9ኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖ ላዕልና ታህት ኑመሬተርና ዲኖሚኔተር ሲባሉ፣ ያልገባን ነገር በሌላ ስም ይመጣብናል።

የቃል ጥያቄውስ? እናት 41፣ ልጅ 15 ዓመታቸው ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ የልጁ ዕድሜ የእናቱ 1/3 ይሆናል? 15 + ኤክስ = (41 + ኤክስ)/3። −2 ይወጣል፤ ላጲስ ይነሣል። ለምን ይነሣል? የዛሬ 2 ዓመት እናት 39፣ ልጅ 13 ነበሩ፤ መልሱ ጊዜው አልፏል እያለን ነው። ጥያቄው የበግ ብዛት ቢሆን ኖሮ −2 በግ የለምና ሥራችንን ወይም ጥያቄውን እንመረምር ነበር። ስለ ዓመት ሲሆን ግን −2 የሚናገረው አለው። ቆም ብለን እንድንሰማው የሚጠይቀን የለም፤ ቁጥሩ በቀይ ይከበብና ገጹ ይገለበጣል።