አራት መቶ ሃያ ሦስቱ

የተባረከ ቁጥር ምረጥ ብባል 423ን አስቀድማለሁ። በኒቅያ 318 ሊቃውንት ተሰብስበው ሃይማኖት ደነገጉ፤ እኛ ደግሞ 105 ጨመር አድርገን ስለ አገሩ ወጣት ሁሉ እንደነግጋለን። የጥናቱ ጉዳይ ጫት ቢሆን 423፣ እንቅልፍ ማጣት ቢሆን 423፣ የፌስቡክ ፍቅር ቢሆን 423። የጤና ጥናት የተማረ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ስልኩ ቁጥር ያውቀዋል። ሌሊት ቀስቅሳችሁ «ናሙናህ ስንት ነው?» ብትሉት ዓይኑን ሳይገልጥ ይነግራችኋል።

አወጣጡ ቀላል ነው። 1.96ን በራሱ ታበዛለህ፤ ያንን በ0.5፣ አሁንም በ0.5። ከዚያ 0.05ን በራሱ አባዝተህ ለእሱ ታካፍለዋለህ። 384 ይመጣል። «አልሞላም» የሚል አስቸጋሪ ሰው ቢገኝ ተብሎ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ 422 ከምናምን ይሆናል። እዚህ ላይ ጉባኤው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «422 ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰው በነጥብ አይቆረጥም፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 423 ነው» ብሎ ይሞግታል። በጎንደር ዘመን ቅባትና ተዋሕዶ ምን ያህል እንደተከራከሩ ያነበበ ሰው የዚህን ነገር ክብደት አያቃልልም።

የቀመሩ ትልቁ ጸጋ ግን የሕዝቡን ብዛት አለመጠየቁ ነው። አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። አራተኛው ቆጠራ ዛሬ ነገ ሲባል፣ ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተቆጠረው ሕፃን አድጎ መጠይቅ ሞይ ሆኗል። ሳይቆጠር ለሚኖር ሕዝብ ሳይቆጥሩ የሚሠሩበት ቀመር ሰጠን፤ ከዚህ በላይ መግባባት ከየት ይመጣል?

የ0.5 ነገርም አለ። «ከዚህ በፊት በጉዳዩ ላይ ጥናት ስላልተደረገ ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ተብሎ ተወስዷል» ይላል የጥናቱ ምዕራፍ ሦስት። ምዕራፍ ሁለት ላይ ግን በዚሁ ጉዳይ የተደረጉ ጥናቶች ከነደራሲዎቻቸው ተኮልኩለዋል። ሁለቱ ምዕራፎች ግድግዳ ይጋራሉ እንጂ ቡና አይጠራሩም።

«ወጣት» ማለት እንግዲህ በዚህ ሙያ ከተመራማሪው ቢሮ በእግር አሥር ደቂቃ የማይርቅ ሰው ነው። ጋሪ የሚነዳው፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፈው፣ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የምትጠብቀው ወጣት አይደሉም አላልኩም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ባለመገኘታቸው ብቻ ናሙና ውስጥ አልገቡም።

ነገሩን የሚያከብዱ ሰዎች ግን አይጠፉም። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ያደረጉት ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው መጨረስ ሲችሉ ከከተማ እስከ ገጠር 16,650 ቤት አንኳኩተዋል። ይህን ሁሉ ለፍተው ያመጡት ወሬ ምን ነበር? ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 74 በመቶዎቹ፣ ከወንዶቹም 62 በመቶዎቹ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ጋዜጣ አያነቡም፣ ሬዲዮ አይሰሙም፣ ቴሌቪዥን አያዩም። ከአራት ሴት ሦስቷ ስለ ክትባትም ሆነ ስለ ኤች አይ ቪ በነዚህ የሚነገረው ማስታወቂያ በየሳምንቱ አይደርሳትም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደስ የማይል ነገር ይዞ መምጣት ምን ይባላል? እኛ ያንን ወደ ጎን ብለን የአገሪቱን አንገብጋቢ ጥያቄ ያዝን፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቲክቶክ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ብልሃታችንንም ተመልከቱ። የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ ሲለካ መጠይቁ በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል። ቴሌግራም የማይከፍት አይደርሰውም፤ የሞላው ሁሉ እዚያው ተጥዶ የዋለ ነው። ከዚያ «ከፍተኛ የሱስ መጠን ተመዝግቧል» ተብሎ ይጻፋል። ጠጅ ቤት በር ላይ ቆሞ የአገሩን ሰካራም እንደ መቁጠር ነው።

ጥያቄዎቹ ደግሞ ከውጭ የመጡ ናቸው። ኖርዌይ በርገን የተሰናዱ ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ከነሱ አንዱ «እንዳይጠቀሙ ሲከለከሉ ይረበሻሉ?» ይላል። ኖርዌይ ላይ ጥሩ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ አንዱን ልጅ ብጠይቀው ብዕሩን አስቀምጦ «ማን ሲከለክለኝ? ፓኬጅ ሲያልቅብኝ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ነው፣ ወይስ ኔትወርክ ሲዘጋ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በ2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ደግሞ በሌላ ምክንያት ለሳምንታት አገር በሙሉ ኢንተርኔት ተዘግቶበታል። ይህን ያህል ሰፊ ሙከራ ያለ አንድ ብር በጀት ተሠርቶልን ነበር። ለልጁ ግን «ከአምስቱ አንዱን አክብብ» አልኩት።

አዎ፣ በዚህ ሥራ የኔም እጅ አለበት። ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ስሙን በማላነሣው አንድ ግቢ በቀን አበል መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሽሮው ዓይን በሚከድንበት ሰዓት ገባን። መጠይቁ 12 ገጽ ነው። መምህሩ በሩን ዘጋና «ልጆች፣ መሳተፍ በፈቃደኝነት ነው፤ ሳይሞላ የሚወጣ ግን እንዳላይ» አለ። ከዚያ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ተሰማ። «19ኛውን ምን አልክ?» «ሐ።» «እርግጠኛ ነህ?» «እሷም ሐ ነው ያለችው።» እሷ የተባለችው የክፍሉ አንደኛ ናት። መልሷን እንደ ፈተና ቀን በክንዷ ከልላ ትሞላለች፤ አንገት ግን እንደ ሰጎን ይረዝማል። የአንድ ረድፍ ልጆች በሙሉ የእሷን የእንቅልፍ ሁኔታ፣ የእሷን የምግብ ፍላጎት፣ የእሷን የወደፊት ተስፋ ገለበጡ። «ብዙ ጊዜ ብቸኝነት ይሰማዎታል?» የሚለውን አራት ሆነው ተመካክረው መለሱ። «ይሰማናል» ላይ ተስማሙ።

የምላሽ መጠኑ 98 በመቶ ተብሎ ተጻፈ። እዚህ ላይ አሜሪካኖች ሊያፍሩ ይገባል። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከላቸው ስልክ እየደወለ ሲጠይቅ በ1997 እ.ኤ.አ. 36 በመቶ የነበረው የመላሾች ድርሻ በ2018 ወደ 6 በመቶ ወርዷል። በሩን የሚዘጋላቸው ሰው አጥተው ነው።

ከግቢ ወጣ ብለን በከተማው ቤት ለቤት የጠየቅንበትም ሳምንት ነበር። ባህላችን ከመጠይቁ ጋር እንዴት ተስማምቶ እንደሚኖር ያየሁት ያኔ ነው። «እማማ፣ አጠቃላይ ጤንነትዎን እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው አንዲት እናት። «ተመስገን! ምን ጎድሎብኝ የኔ ልጅ!» አሉና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሩን ተደግፈው፣ በሦስት ደረጃ ተነሡ፤ ቡና ሊያፈሉልኝ። ከአምስቱ «በጣም ጥሩ» የሚለውን አከበብኩ። ፈጣሪን ማመስገን በመጠይቁ ሕግ ጤንነት ነው። ልጃቸውን ስለ ፍቅር ጓደኛ የምጠይቅበት ተራ ሲደርስ ደግሞ እናቱ ቡናውን እየቆሉ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት እንደዚያ ቀን በንጽሕና ሲመላለስ አይቼ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስሌት ፕሮግራም ጸበል ነው፤ የገባው ሁሉ ነጽቶ ይወጣል። ተመራማሪው 20 ምክንያት ያሰልፋል። ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የአባት ሥራ፣ የእናት ትምህርት፣ የኪስ ገንዘብ፣ የዶርም ፎቅ ሳይቀር። ሮናልድ ፊሸር የተባሉት እንግሊዛዊ በ1925 እ.ኤ.አ. በዕድል የመጣን ውጤት ከሌላው ለመለየት ከ20 አንድ፣ ማለትም 0.05፣ ለመስመርነት ይመቻል ብለው ጽፈው ነበር። ለእሳቸው ምቾት የነበረው መስመር ለኛ የመንግሥተ ሰማያት በር ሆኗል፤ 0.049 ይገባል፣ 0.051 ውጭ ያለቅሳል። ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኙ፣ እርስ በርሳቸውም የማይነካኩ 20 ምክንያቶች ብታሰልፍ እንኳ ቢያንስ አንዱ በዕድል ብቻ በሩን የማለፉ ነገር 64 በመቶ ነው። ይህን የመሰለ ሎተሪ በየትኛውም አዟሪ እጅ አይገኝም። የወጣልህን ይዘህ «ተያያዥ ምክንያት» ብለህ ትሰይመዋለህ።

ቀጥሎ ጋዜጠኛው ይመጣል። ለምሳሌ ማታ ስልክ ከሚነካኩ 90 ተማሪዎች 60ው፣ ከማይነካኩ 90 ተማሪዎች ደግሞ 45ቱ እንቅልፍ አጣን ቢሉ፣ ልዩነቱ የ15 ሰው ነው፤ በአንድ ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ተመራማሪው ግን በኦድስ ሬሾ ያሰላዋል። 60 ለ30 ሁለት፣ 45 ለ45 አንድ፤ ስለዚህ «2»። ዜና አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «ማታ ስልክ የሚጠቀሙ ወጣቶች ለእንቅልፍ ማጣት በእጥፍ እንደሚጋለጡ ጥናት አረጋገጠ» ይላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ስልኩን ቢያነሣስ? ይህን የሚጠይቅ አድማጭ ካለ ሬዲዮውን መዝጋት መብቱ ነው።

የውይይት ምዕራፉን እኔ አሁኑኑ ልጽፍላችሁ እችላለሁ። «ይህ ውጤት በናይጄሪያ ከተገኘው ከፍ ያለ፣ በሕንድ ከተገኘው ዝቅ ያለ ነው። ልዩነቱ በናሙና መጠን፣ በጥናቱ ጊዜና በማኅበራዊና ባህላዊ ሁኔታ ልዩነት የተነሣ ሊሆን ይችላል።» ስለ ምን እንደተጠና አልነገራችሁኝም፤ አያስፈልገኝም። ምክረ ሐሳቡን ደግሞ የምታውቁት «የሚመለከተው አካል» ይረከበዋል። የሚመለከተው አካል በዚህ አገር ከሁሉ የበለጠ ኃላፊነት ያለበት፣ ከሁሉ ያነሰ አድራሻ ያለው ሰው ነው። ካስፈለገ ባለድርሻ አካላት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆቴል ተጠርተው፣ ሁለት ሻይ ዕረፍትና አንድ ምሳ ተደርጎ፣ «ተጨማሪ ሰፊ ጥናት ያስፈልጋል» በሚል ስምምነት ይለያያሉ። ሰፊ ማለት 846 ነው፤ 423 ሲደገም።

በጥናቱ መጨረሻ ወረቀቶቹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔው ነበርኩ። የመጠይቁ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ተጨማሪ አስተያየት ካለዎት» የሚል ርዕስና ሁለት መስመር አለ። አብዛኛው ሰው ባዶ ይተወዋል፤ አንዳንዱ «እናመሰግናለን» ይላል፤ አንዱ ኳስ ተጫዋች ሥሎበታል። ቁጥር 287 ግን ሁለቱን መስመር አልፎ፣ ገጹን ገልብጦ፣ እስከ ታች ጽፎበታል። ከዚያ በፊት ያሉትን መልሶቹን አስገብቼ ጨርሻለሁ። ሌሊት ስልክ ይጠቀማሉ? ሁልጊዜ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? መጥፎ። እንዳይጠቀሙ ሲከለከሉ ይረበሻሉ? እጅግ በጣም። ድምሩ ሱሰኛ ከሚባሉት ተርታ አስገብቶታል።

ከጀርባው ያለው ጽሑፍ እህቱ ዓረብ አገር ሰው ቤት እንደምትሠራ ይናገራል። ማዳሟ ስልክ የምትሰጣት ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። በኢሞ ስትደውል እኛ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ካላነሣላት ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አንዳንድ ሌሊት ሳትደውል ይነጋል።

አስተባባሪያችንን «ጋሼ፣ ይቺን የት ላስገባት?» ብዬ ጠየቅኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል «ኮድ አላት?» አለኝ።

«የላትም።»

«እንግዲያው 99 በላት።»

99 ማለት በእኛ ቋንቋ «መልስ የለም» ነው። 99 ብዬ አስገባሁና 288ኛውን አነሣሁ።