ያመለጠው ዓሣ ርዝመት በአቦል፣ በቶናና በበረካ

በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ስለሚያድጉ ዓሦች ብዙ ተጽፏል። ቡና ላይ ስለሚያድጉት ግን ሊቃውንቱ ዝም ብለዋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉድለት ለመሙላት የቀረበ ነው።

ለጥናቱ የተመረጠው ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ባለመስመር ዓሣ ነው። እሱም እንደ እኛ እንደ ባሕረ ሰላጤው ሐበሾች መጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ከኒው ጀርሲ በባቡር ተጭኖ መጣና ካርኪነዝ ሰርጥ ላይ ተለቀቀ። ዲቪ አልደረሰው፣ ዘመድ አልጠራው፤ የኦክላንዱ ቴሌግራፍ ጎዳና የእንጀራ ሽታ ከማወቁ ብዙ ቀደም ብሎ ተዋልዶ ባሕሩን ሞላው።

የካሊፎርኒያ ሕግ ከ18 ኢንች ያነሰውን ይዞ መሄድ ይከለክላል። 18 ኢንች አንድ ክንድ መሆኑ ልብ ይባል፤ እስከዚህ ድረስ የሳክራሜንቶ ሹማምንትና አያቶቻችን ይስማማሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ዓሣው ሲያመልጥ ነው።

በአቦል ዓሣው ከኦክላንድ ወደብ ክሬኖች አጠገብ፣ ፖርት ቪው ፓርክ ላይ፣ ክሩን በጥሶ የሄደ ነው። ተራኪው ግራ እጁን ቀኝ ክርኑ ላይ ያሳርፋል፤ ማለትም ዓሣው ሕጋዊ ነው። በቶና እጁ ወደ ትከሻው ይወጣል። በበረካ ሁለቱም እጆች ይዘረጋሉ፤ ጎን ያለው ሰው ሲኒውን አንሥቶ ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ቡና የምታፈላዋም ረከቦቷን ሸሸት ታደርጋለች። ከመለኪያዎች ሁሉ የታመነው ይህ የረከቦት መሸሽ ሆኖ ተገኝቷል። ተራኪ ሊዋሽ ይችላል፤ ለሲኒዋ የምትሰጋ ሴት ግን አትዋሽም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት አበው ጉዳዩን ሳይደርሱበት አልቀሩም።

ታሪኩ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ሲወርድ ዓሣው ዳግመኛ ያድጋል። የመንገዱ መጨናነቅ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ምስክሩ ኦክላንድ ስለሚቀር ነው እንላለን።

ጥናቱ የሚታወከው አርባ ምንጭ ያደገ ሰው ቡናው ላይ ሲገኝ ነው። የጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ዓሣ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ እሱ አፉን ሲከፍት የኦክላንዱ ዓሣ ወዲያው ወደ ክንዱ ይመለሳል። ባሕረ ሰላጤው ለዚህ መልስ የለውም አይባልም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ካርኪነዝ ላይ 468 ፓውንድ የመዘነ ስተርጅን የተባለ ዓሣ ተይዟል። ዳሩ ግን ያዡ ተመዝኖለት ፎቶ ስለተነሣ፣ ነገሩ ከተረት ወጥቶ መዝገብ ገብቷልና ለጥናታችን አልበጀም።

ስለ ጤናም አንድ ነገር እንበል። ሳን ሆዜ አጠገብ ያለው የኒው አልማደን ማዕድን ለወርቅ ቆፋሪዎች ሜርኩሪ ሲያቀርብ ኖሮ፣ ቅሪቱ በጓዳሉፔ ወንዝ እየታጠበ ባሕሩ ይገባል። በዚህ የተነሣ የጤና ባለሥልጣናት የባሕሩን ዓሣ መጥነው እንዲበሉ ይመክራሉ፤ ለሕፃናትና በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች አንዳንዱን ጨርሶ ይከለክላሉ። ያመለጠው ዓሣ ግን ሜርኩሪ የለበትም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም አይነካውም፤ እንዲያውም በብዛት የሚቀርበው በሁዳዴ ነው።

ባሕር ላይ በተሠራ የሕዝብ ማጥመጃ ድልድይ ላይ ቆሞ ለማጥመድ በካሊፎርኒያ ፈቃድ አይጠየቅም። ለማውራትማ ማን ጠይቆ! ስለዚህ አንባቢን የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓሣው ፎቶ ስልክዎ ውስጥ ካለ፣ እባክዎ በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ከኪስዎ አያውጡት።