አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

አማርኛ የማያውቁትን ሰው ለመገመት ጊዜ አይሰጥም። «ሰላም» ብለው እስኪያበቁ ድረስ በእርግጥ ሰላም ነው፤ ቀጥሎ ግን «ነህ»፣ «ነሽ» ወይም «ነዎት» ይመጣል። ያልታየ ሰው ጾታና ዕድሜ እዚያች ላይ ይወሰናል። ስለ ራስ ሲጽፉ ግን ነፃነት ነው፤ «መጣሁ» ያለው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ ማን ያውቃል?

ደብረ ማርቆስ የሠፈራችን ዕድር የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈተ ወዲህ ጉዱ ወጣ። ግማሹ አባል ፕሮፋይሉ ላይ ቅዱስ ሚካኤልን፣ ሌላው ጽጌረዳ፣ የቀረው የልጁን ፎቶ ለጥፏል። በጸሎት ሚካኤልን «አንተ» የምንል ሰዎች በቴሌግራም አንቱ ስንለው እንውላለን። የሁለት ዓመት ሕፃን ደግሞ «የወሩን መዋጮ ገቢ አድርጌያለሁ» ይለናል።

ከሁሉ የተከበረው አባል ሀን ከሐና ከኀ የሚለየው ነበር። ነጠላ ሰረዙን ከድርብ ሰረዙ አያምታታም። በዲማና በዋሸራ አገር ደግሞ ፊደል ሳይሳሳት የጻፈ ሰው ወዲያው ጢም ይበቅልለታል። «የኔታ» ተባለ፤ ሐዘን ሲደርስ ማጽናኛ ቃል የሚጠበቀው ከእሱ ሆነ። ለዓመታዊው ስብሰባ ሲመጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ በአባቷ ስልክ የምትጽፈው እሷ ኖራለች። አንድ አዛውንት ግን እስካሁን «የኔታ» ማለታቸውን አልተዉም። ጽሑፉ አልተለወጠም፣ ምን በወጣኝ ባይ ናቸው።

ዝምታም ይተረጎማል። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወጥተው መልስ ካልመጣ «ኮርቷል» ይባላል፤ መብራት ጠፍቶ ባትሪው እንዳለቀ የሚያስብለት የለም። «እሺ» ብቻ ከሆነ ደህና፤ «እሺ።» ብሎ አራት ነጥብ የጨመረ ግን ተቆጥቷል ማለት ነው። የቅኔ አገር ሰው ከአራት ነጥብም ወርቅ ፈልቅቆ ያወጣል።

በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን የሰብለ ወንጌል መምህር አድርገው ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያስገቡት በአካል ነው። ትምህርቱ በቴሌግራም ቢሆን ኖሮ ዘር የሚቆጥሩት ፊታውራሪ የፕሮፋይሉን ጽጌረዳ ሰባት ቤት ድረስ ሳይጠይቁ አይለቁትም ነበር።

አክስቴ በዚህ ሁሉ የሉበትም። አይጽፉም፤ ድምፅ ነው የሚልኩት። ሳላቸው፣ የቡናው ሙቀጫ፣ የዶሮው ጩኸት አብሮ ስለሚመጣ ማንነታቸውን የሚጠራጠር የለም። ባለፈው ስለ መዋጮ ተናግረው ሲጨርሱ መቅጃውን ሳይዘጉት ቀሩና ስለ ዕድሩ ሊቀ መንበር ለጎረቤታቸው ያጫወቱት ሁሉ ግሩፑ ውስጥ ገባ። ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሁላችንም እስከ መጨረሻው ሰማነው።

ሊቀ መንበሩ «እሺ።» ብለው መለሱ። ይኼኛው እንኳ ትርጓሜ አላስፈለገውም።