እንቅልፍ ወፍጮ ቤት ነው

እንቅልፍ የት ይገኛል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አልጋ ላይ የሚል መልስ ከእኔ አትጠብቁ።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴ ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ሆዷ ሲገፋ «በግራ ጎንሽ ተኚ» ተባለች፤ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫነው ነው አሉን። እሷ ተደጋግፋ ሸለብ ሲያደርጋት፣ እኔ ተገላበጠች አልተገላበጠች እያልኩ በስልኬ መብራት ዘብ አድራለሁ። ደግሞ ቃሩ አለ፤ ሽንቱ አለ፤ ባቷን ሸምቅቆ የሚይዛት ነገር አለ። ለካስ እሷ «ምጡ ቢጠናብኝስ?» እያለች ስታፈጥ ነበር የምታድረው። በምን ልወቅ? መብራቱን ጎኗ ላይ እንጂ ፊቷ ላይ አላበራሁም!

ማርያም በሽልም ስታወጣት ጭንቀቴ ወደ ልጁ ዞረ። ጨቅላ በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል ሲሉ ደስ ይላል፤ ቆራርጦ መሆኑን፣ ሌሊትና ቀን አለመለየቱን ግን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። ሲያለቅስስ ደህና ነው፤ ቢያንስ አለ። የኔ መከራ ዝም ሲል ነው። ጆሮዬን አፍንጫው ላይ እደግናለሁ። ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ቆም ይላል፤ እኔም አብሬው ቆም እላለሁ። በክትባት ቀን ነርሷን ጠየቅኋት። ጨቅላ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ማለቱ ያለ ነው፣ 20 ሰከንድ ከደረሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ይዛችሁት ሩጡ አለችኝ። እኔ «20»ን ብቻ ይዤ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሰከንድ ቆጣሪ ሆንኩ። ነርሷ ግን ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ፣ «አንቺስ? ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሆድ መባሱም ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ አራስ ነኝ ብለሽ እንዳትተዪው፤ ነይ» አለቻት። እኔን የጠየቀኝ የለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ፣ ለአባት የቆረጠለት 3 ቀን ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አማቴ «ለአራሷ አጥሚት ይህቺን ገብስ አስፈጭተህ ና» አሉኝ። ጾም ሊገባ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ሽሮውን ተሸክሞ ተሰልፏል። ጥግ ካለ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። ወፍጮው ተነሣ፤ ቺንጊያው አፏጨ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ያኔ የማንንም ትንፋሽ መስማት አቃተኝ፤ መስማት ካቃተኝ ደግሞ ምኑን ልቁጠር? ሳይደግስ አይጣላም፣ እንቅልፍ ድብን አድርጎ ወሰደኝ።

አፌ ተከፍቶ ነበር አሉ። ቅንድቤም ምላሴም ዱቄት ለብሷል። በእንቅልፍ ልቤ «ምን ሆኖ ነው?» ስትል አንዷን ሰማኋት፤ ሌላዋ «ሚስቱ ወልዳ» ብትላት፣ «እሷ ናት ወይስ እሱ?» አለችና ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ፈጪው ቀስቅሶኝ ብድግ ስል አጠገቤ የነበረውን ከረጢት ታቀፍኩ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ ፀጉሬን አይቶ «አባባ፣ ልያዝልዎት?» አለኝ። እኔም ሰጠሁት፤ ክብር ሲገኝ አይገፋም።

አማቴ አማሰሉት፣ ማሩንም ጨመሩበት። ባለቤቴ አንዴ ቀመሰችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ሽሮ ነው!» ብላ የተሰፋችበትን ይዛ ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በሩ ተንኳኳ። አንዲት ሴትዮ ገብሳችንን አንጠልጥለው ቆመዋል። ልጁን ለመሳም የሚገቡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዱቄት ካለበት ፀጉሬ እስከ እግሬ አዩኝና እጄን ጨበጡ፤

«እንኳን ማርያም ማረችህ!»