ገጠር መሬት ለሚያማርጡ

ከተማው ሰልችቶዎት፣ ዩቲዩብ ላይ ፐርማካልቸር የሚሉትን፣ ተፈጥሮን የሚከተል የግብርና ዘዴ አይተው፣ «ገጠር መሬት ገዝቼ ዶሮ እያረባሁ፣ ጎመን እየተከልኩ ልኑር» ብለው ቆርጠዋል። እሰየው። አንድ ትንሽ እንቅፋት ብቻ አለች፤ መሬት አይሸጥም። የ1967ቱ አዋጅ ከልክሏል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ደግሞታል። ያልሰማ ቢኖር ደላላው ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እኔ «መግዛት» ስል መከራየት ማለቴ ነው፤ ደላላው ደግሞ «መከራየት» ሲል መግዛት ማለቱ ነው። ውሉን ወረዳ ያስመዝግቡ፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ የባለይዞታው ሚስት ፎቶም ካለ እሷም ትፈርም።

ደላላ መሬት የሚያሳየው በመስከረም ነው። በመስከረም ገደል እንኳ አደይ አበባ ደፍቶ ሙሽራ ይመስላል። እርስዎ በነሐሴ ይሂዱ፣ ያውም በቆዳ ጫማ። እኔ ሰሜን ሸዋ አንድ ሜዳ ላይ ሦስተኛውን እርምጃ ስራመድ ግራ ጫማዬን ዋልካው አስቀረው፤ እግሬ ካልሲውን ለብሶ ብቻውን ወጣ። የአፈር ምርመራ ማለት ይኼ ነው፣ ያውም በነፃ። ያው ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ጤፍ ይወደዋል፤ የቤትዎ ግድግዳ ግን አፈሩ ባበጠና በተኮማተረ ቁጥር አብሮት ሲሰነጠቅ ይኖራል።

ላቦራቶሪ ካላየሁ አላምንም ካሉ ባዶ ሃይላንድ ይያዙ። ግማሹን አፈር፣ የቀረውን ውሃ አድርገው ይናጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ ይከተላል፣ ሸክላው ውሃውን እንዳደፈረሰ ያድራል። ልጆች ይከቡዎታል፤ የሚጠብቁት ግን ውጤቱን ሳይሆን ሃይላንዱን ነው።

አቮካዶ ካማረዎት ደግሞ ኅዳር ላይ እዚያው አንድ ሌሊት ይደሩ። በደብረ ብርሃን አካባቢ ቅዝቃዜው ሌሊት ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ፣ ችግኝዎ ጥቁር ነው። ውሃ የሚያቁር እርከን ለመማርም ለሥልጠና ከመክፈልዎ በፊት ኮንሶን ይዩ። ድንጋይ እየካቡ ከ400 ዓመት በላይ አርሰውበታል፤ ሰርተፊኬት የጠየቃቸው የለም።

ከሁሉ የከፋው ገለባው ነው። ፐርማካልቸር «አፈሩን አልብሱት» ይላል፣ እርስዎም በገለባ ያለብሱታል። አዝመራው ሲነሳ የአገሩ ከብት ሁሉ በየማሳው ይለቀቃል፤ ላሚቱ ደግሞ የአፈር ልብስና ምሳ አትለይም። ፍግ ልፈልግ ቢሉ ኩበት ሆኖ ተከምሯል፤ ምድጃ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መሬቱን ከመለካትዎ በፊት የጎረቤትን ላሞች ይቁጠሩ።

ይህን ሁሉ አጣርቼ ከባለይዞታው ሽማግሌ ጋር ተቀመጥኩ። አንድ ጫማዬን አዩ፣ አንድ ካልሲዬን አዩ፣ እጄን ይዘው መዳፌን አገላበጡት።

«ልጄ፣ በሬ አለህ?»

«የለኝም አባቴ። ዶሮ ልይዝ ነው።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው፣ «ለእንግዳው ጠላ አምጡለት» አሉ።