መቶ በመቶ በመጠበቅ ላይ

የኮምፒውተር ሰዎች አንድ የማይነገር ኩራት አላቸው። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ኮር መቶ በመቶ ሲል ካዩ ደረታቸው ይነፋል። «ማሽኑ እየሠራ ነው» ብለው ቡና ሊጠጡ ይወጣሉ። ሲመለሱም መቶ ነው፤ ከምሳ በኋላም መቶ ነው። ማምሻውን የውጤቱ ፋይል ሲከፈት ግን ዜሮ ባይት፤ አንዲት ቁጥር እንኳ የለችበትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከባድ ስሌት ለብዙ ፕሮሰሶች ሲከፋፈል፣ ፕሮሰሶቹ በየመሀሉ መልእክት መለዋወጣቸው አይቀርም። ለዚህም ኤምፒአይ የሚባል ስታንዳርድ አለ፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ላኪው «ሴንድ» ይላል፣ ተቀባዩ «ሪሲቭ» ይላል፣ በቃ። ፕሮግራመራችን ታዲያ ለሁለቱም ፕሮሰሶች አንድ ዓይነት ኮድ ይጽፋል፦ መጀመሪያ ላክ፣ ከዚያ ተቀበል። ሲያዩት ፍትሐዊ ነው፤ ማንም ከማንም አልበለጠም።

አሁን ሁለት ባልንጀሮች ማዕድ ቀርበው፣ ሁለቱም ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተዋል እንበል። «በሞቴ!» ይላል አንዱ። «አፈር ስሆን፣ መጀመሪያ የኔን!» ይላል ሌላው። እያንዳንዱ የራሱ ጉርሻ ሳይጎረስለት አፉን ላይከፍት ምሏል። ወጡ ይንጠባጠባል። በሰው ማዕድ ይህ የሚያልቀው አንዱ ሲሸነፍ ነው። ፕሮሰስ ግን መሸነፍ አያውቅም፣ ክንዱም አይዝልም። የተመደበለት ሰዓት አልቆ እስኪገደል ወይም መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንደዘረጋ ይቆያል።

«ትናንት እኮ ሠርቶልኛል!» ይላል ፕሮግራመሩ። እውነቱን ነው፤ ሠርቷል። ለሙከራ የላካት መልእክት ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነበሩባት። ኤምፒአይ መልእክቱ ትንሽ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የተቀባዩን አፍ አይጠብቅም፤ ጉርሻዋን ጊዜያዊ ማስቀመጫ ላይ ያኖርና ላኪውን ያሰናብተዋል። ዴሞው በጭብጨባ ያልቃል፣ ፎቶ ይነሣል። በማግስቱ እውነተኛው ዳታ ይመጣል፤ ጉርሻው ከማስቀመጫው ይበልጣል፣ ሁለቱም እጆች አየር ላይ ይቀራሉ። ስታንዳርዱ ራሱ በዚያች ማስቀመጫ የተመካ ፕሮግራምን «አስተማማኝ ያልሆነ» ይለዋል። ግን ስታንዳርድ ማን ያነባል? እኛ የምናነበው ናሙና ኮድ ነው፣ እሱንም ለመገልበጥ ያህል።

የመቶ በመቶው ምስጢርም እዚሁ ላይ ነው። የተለመዱት የኤምፒአይ ሶፍትዌሮች የሚጠብቅን ፕሮሰስ አያስተኙትም። መልእክቱ በደረሰ ቅጽበት እንዲቀበለው «መጣ? መጣ? መጣ?» እያለ ያለ ዕረፍት እንዲጠይቅ ያደርጉታል። ለፍጥነት ታስቦ ነው፣ ደግም ነው። ስክሪኑ ግን የሠራውንና «መጣ?» ያለውን አይለይም። ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብለው ሁሉም መቶ ላይ መድረሱን ያያሉ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ክፍሉ ይሞቃል። «ይሄ ማሽን ተጨናንቋል» ይላሉ በሐዘኔታ፤ ስብሰባ ተጠርቶም ኮሩን በእጥፍ ለማሳደግ የግዥ ጥያቄ ይዘጋጃል። በዚያው ስብሰባ ላይ «ማነው መጀመሪያ የሚቀበለው?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ጂን አምዳል የሚባለው መሐንዲስ በ1967 እ.ኤ.አ. ባነሣው ክርክር ብንሄድ፣ ከሥራው አምስት በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ ሺህ ኮር ቢደረደር እንኳ ፍጥነቱ 20 እጥፍ አይሞላም። የግዥ ኮሚቴ ግን አምዳልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሦስት ፕሮፎርማ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ አታንሡት! አንዱ ቀልጣፋ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል የህትመት መስመር ኮዱ መሀል ይጨምራል፤ ስሕተቱ የት እንዳለ ሊያይ። ስሕተቱ የቅደም ተከተል ከሆነ ያቺ መስመር አንዱን ፕሮሰስ ለቅጽበት ታዘገየውና ስሕተቱ ይሰወራል። ሲያጠፋት ይመለሳል። ስለዚህ መስመሯ ክታብ ሆና እዚያው ትኖራለች፤ ከጎኗም «አትንኩት፣ ሳይገባኝ ሠርቷል» የሚል ማስታወሻ። ሌላው «አንድ ሰከንድ ተኛ» የሚል ትእዛዝ ይጨምራል፤ ካልበቃ ሁለት። ሦስተኛው በየአሥር መስመሩ ባሪየር ይተክላል። ባሪየር ማለት ሁሉም እስኪደርስ ማንም አይለፍ ማለት ነው፤ ከ64 ፕሮሰስ አንዱ ቢያዘግም 63ቱ ቆመው «መጣ?» ይላሉ። መቶ በመቶ፣ እንደ ልማዳቸው።

ይህ የጀማሪ ጣጣ ነው የሚል ካለ ወደ ማርስ ይመልከት። በ1997 እ.ኤ.አ. እዚያ ያረፈችው የናሳዋ ፓዝፋይንደር በየጊዜው ራሷን እያጠፋች ትነሣ ነበር። ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው የአየር ሁኔታ ሥራ አንድ ሎክ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ፣ ይዟል፤ ከፍተኛው ሥራ ያንኑ ሎክ ይጠብቃል፤ መካከለኛው ደግሞ በመሀል ገብቶ ዝቅተኛውን አላሠራ ብሎታል። አለቃው በጸሐፊው፣ ጸሐፊው በመሀል አለቃው ታገተ። ዘበኛ የሆነው ሰዓት ቆጣሪ ትእግሥቱ ሲያልቅ ሁሉንም ያስነሣዋል። ችግሩ ከማረፏ በፊት በሙከራ ብቅ ብሎ ነበር፤ እንዲደገም ሲሞከር ግን እምቢ አለ። መፍትሔው ሶፍትዌሩ ውስጥ ድሮውንም የነበረና ያልተከፈተ አንድ ምርጫ ሆነ፤ ከምድር ሆነው ከፈቱት። አዲስ ኮምፒውተር ወደ ማርስ አልተላከም። የግዥ ኮሚቴ ስላልነበረ ይሆናል።

እንግዲህ ፕሮፎርማ ልትሰበስቡ የተነሣችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፊርማው ከመውረዱ በፊት ኮዱ ውስጥ «ሴንድ» የሚለውን ሁሉ «ኤስሴንድ» በሚለው ተክታችሁ በዚያችው በትንሿ የሙከራ ዳታ አሂዱት። «ኤስሴንድ» ተቀባዩ መቀበል ካልጀመረ አያልፍም፤ ሳህን ላይ ማስቀመጥ የለም። ፕሮግራሙ እዚያው ደርቆ ከቀረ ማሽኑን ተዉት። መላክንና መቀበልን በአንድ ጥሪ የሚጨርሰው «ሴንድሪሲቭ» ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለ፤ የሚጠይቃችሁም አንድ መስመር ነው።